የጋሼ ቀኝ እጅ

ጥቅምት 6

እታለም፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል። አንቺስ በዚያ በሩቅ ከተማ፣ በዚያ ሆስፒታል፣ የሰው ጭንቅላት ላይ ሽቦ ስትለጥፊና ስትነቅይ መዋሉ አልሰለቸሽም? ደንበኞቼ "እህትህ ምን ትሠራለች?" ሲሉኝ "እሷም እንደ እኔ ከሰው ራስ አትወርድም" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ስለ እጅ ጽሕፈቴ ለጠየቅሽኝ፣ ጠረጴዛው ነው። አንድ እግሩ አጥሮ ይንገዳገዳል። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አስገባለሁ እያልኩ እረሳዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

ስለ ሱቁም ጠይቀሽኛል። ሥራ አለ። ምላጭ ግን ትቻለሁ፤ ጢሙን ሊላጭ የሚመጣውን ሁሉ በማሽን ነው የምሸኘው። ለምን ሲሉኝ "የጤና ቢሮ ከልክሏል" እላለሁ። ማን ሄዶ ይጠይቃል ብዬ ነበር። ጡረተኛው ዳኛ ብቻ "በየትኛው ደንብ? አንቀጽ ስንት?" ብለው አፋጠጡኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ሰው አንገታቸውን ነክቶት አያውቅም። አሁን ጢማቸውን አሳድገው በሱቁ በር እያለፉ በመስታወቱ ያዩኛል።

ስልክ እንዳትደውዪ አላልኩም። ነገር ግን ሱቅ ስሆን ደንበኛ ይሰማል፣ ቤት ስገባ ባለቤቴ ትሰማለች። ደብዳቤ ይሻለናል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ጋሼ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ለእትዬም ጉንፋኑ በመልቀቁ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ባለፈው የላክህልኝ ፎቶ ጀርባ ላይ የጻፍከውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው? በፖስታው ላይ የጻፍከው አድራሻስ? ፖስታ ቤት ውስጥ ነው የጻፍኩት ብለኸኝ ነበር። የፖስታ ቤቱም ጠረጴዛ እግሩ አጭር ነው?

ጋሼ፣ እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አንተ በምላጭህ አሳድገህ፣ አስተምረህ እዚህ አድርሰኸኛል። ታዲያ የእኔን ዓይን እንዴት ታታልላለህ? በቀን ስንት የሰው እጅ የማይ ሴት ነኝ።

ሁለት ነገር ብቻ ንገረኝ። እጅህ የሚንቀጠቀጠው ጭንህ ላይ ሲያርፍ ነው ወይስ ሥራ ሲይዝ? ሁለተኛ፣ ንጹሕ ወረቀት አውጣና ከመሐል ጀምረህ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞርክ መስመር ሳልልኝ። ክንድህን የትም እንዳታስደግፍ።

እትዬ ስለ ሌላም ነገር ጽፋልኛለች። እሱን ከራስህ አፍ ልስማው።

እህትህ


ኅዳር 4

እታለም፣

ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። ስሙን በከንቱ አጠፋሁት፤ ይቅር ይበለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እንግዲያው ልናገር። ሲያርፍ ዝም ይላል፤ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው እንደተኛ ሕፃን ነው። የሚብሰው ሥራ ልስጠው ብዬ ሳነሣው ነው። ማንኪያ ወደ አፌ ሲቃረብ፣ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው ሲጠጋ፣ ምላጭ የሰው ጉንጭ ሊነካ ሲል። ከሩቅ ዝም ብሎኝ ቆይቶ ልደርስ ስል አድብቶ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ዳኛውን አቁስያቸዋለሁ። ከጆሯቸው ሥር፣ ጭረት ያህል ናት። እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ "ቀጥል፣ ምንም አይደል" አሉኝ። እኔ ግን ያቺን የደም ጠብታ ሳይ ምላጩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። "ዛሬ ይብቃን" አልኳቸው። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ፎጣ ጣል አድርገው ወጡ። ሰው በአንገቱ አምኖሽ ኖሮ እንደዚያ አድርገሽ ስትሸኚው ምን እንደሚመስል አልነግርሽም።

ባለቤቴ እንደምታውቅ ያወቅሁት በብርጭቆ ነው። ውሃ ስትቀዳልኝ እስከ ግማሽ ብቻ መቅዳት ጀመረች።  

ባለቤቴ የጻፈችልሽ ሌላው ነገር እውነት ነው። አንድ ወዳጄ ጋብዞኝ አንድ መለኪያ ጠጣሁ፤ እጄ ጸጥ ሲል በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አንድ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ማለት መጣ። ሲለቀኝ ግን ብሶበት ይመለሳል። አንዱ ደንበኛ ትንፋሼ ሸቶት ከወንበሩ ተነሥቶ ሄደ፤ ወሬው ሰፈሩን ሞልቶታል መሰለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። አትቆጪኝ፤ እኔው ራሴን ተቆጥቻለሁ።

ሥዕሉን ልኬልሻለሁ። ቀንድ አውጣ ያልሽው መጋዝ ሆኖ ወጣ።

ወንድምሽ


ኅዳር 22

ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን መሰለህ? ያ ሳትናገረው የፈራኸው በሽታ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አልጋ ላይ ያስቀረው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው ያረፈን እጅ ነው። ያንተ ሲያርፍ ይተኛል፣ ሲሠራ ይነሣል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ሥዕልህን ለክፍላችን ዶክተር አሳየኋት። አገላብጣ አይታ "ይህን ሰው አምጪልኝ" አለችኝ።

ደግሞ ይህ ዓይነቱ በዘር ይወርዳል። እማዬ ኩባያ በሁለት እጇ ጨብጣ ትጠጣ እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። ሰፈሩ "ፈሪ" ይላት ነበር አይደል? እማዬ ፈሪ አልነበረችም ጋሼ።

መጠጡ ለጊዜው እንደሚያበርደው እዚህም ይታወቃል፤ ዶክተሯ በሽተኛን ሁሉ "ስትጠጣ ይበርድልሃል?" ብላ ትጠይቃለች። ምልክት ነው እንጂ ነውር አይደለም። ግን አፈር ስሆን ተወው። እጅህን አረጋጋለሁ ብሎ አንተን ይወስድሃል።

"ከየት መጣብኝ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እንዲህ ልመልስልህ። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ሰምተሃል። መጀመሪያ ሁሉም በየራሱ ነው፣ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። አንዳንዴ ግን ማንም ሳያዝዝ እጆቹ ይገጥሙና አዳራሹ በሙሉ አንድ ሆኖ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። አንጎል ውስጥም ሕዋሳቱ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ይመታሉ። ከዚያ ሁካታ ነው ለስላሳ እንቅስቃሴ የሚወጣው። ባንተ ግን ከኋላኛው አንጎል ተነሥቶ መሐሉን አቋርጦ በሚሄደው መንገድ ላይ ያሉት ተስማምተው አብረው ይመታሉ፤ በሰከንድ አምስት ስድስት ጊዜ። ክንድህ አልታመመም። የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ለምን መስማማት እንደጀመሩ ግን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ዶክተሯም "አላውቅም" ነው የምትለው።

አሁን አውቶብስ ተሳፈርና ና። እትዬ ሱቁን ትጠብቃለች።

እህትህ


ጥር 10

እታለም፣

በሰላም ገባሁ። አንቺ ጋ የከረምኩትን ቀን ለባለቤቴ ልነግራት ተቀምጬ ቃል አጠረኝ። ወሬኛው ሰውዬ ዝም ሲል አይታ "ምን አደረጉህ?" አለችኝ።

ያቺን ጥፍር የምታህል መሣሪያ ጣቴ ላይ ለጥፈሽ "እጅህን ዘርጋ" ስትይኝ፣ ስክሪኑ ላይ ተራራና ሸለቆ፣ ተራራና ሸለቆ መጣ። ይኼስ ያን ያህል አልገረመኝም፤ መንቀጥቀጤንማ አውቃለሁ። የገረመኝ አሸዋ የሞላውን ከረጢት እጄ አንጓ ላይ ስታስሪው ነው። ክብደቱ ያዘገየዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተራራው አነሰ እንጂ ምቱ ንቅንቅ አላለም! "አየህ ጋሼ፣ ከክንድህ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ያዘገየው ነበር። ከላይ ነው የሚታዘዘው" አልሽኝ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ራሴ ውስጥ ያለ ነገር ዕድሜ ልኬን ሳያርፍ ሲመታ አንድም ቀን ሰምቼው አለማወቄ!

ከዚያ በራስሽ ጣት ለጠፍሽው። ያንቺ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል ብዬ ሳይ፣ ደቃቅ ፀጉር የመሰለ ነገር ይርገበገባል። "ይኼስ?" ስልሽ "ሕይወት ያለው እጅ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፍጹም ጸጥ የሚለው የሬሳ ብቻ ነው" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ እጁን ነው የማየው። የጋራዡ መካኒክ፣ የባንኩ ጥበቃ፣ ጨዋታ የሚያበዛው አስተማሪ፣ ሁሉም ሳያውቁት እየተንቀጠቀጡ ተቀምጠዋል። እጄን በአፌ ላይ ጭኜ ነው የሰነበትኩት።

መጠጡን ትቻለሁ። ክኒኑን ጀምሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ኩባያሽን ስታነሺ ያ ደቃቅ ፀጉር ወፈረ። ወዲያው መሣሪያውን ነቀልሽውና ወሬ ቀየርሽ። ፀጉርና ደቃቅ ነገር እያየሁ ነው የኖርኩት እታለም። ምንድን ነው?

ወንድምሽ


የካቲት 3

ጋሼ፣

ከደብዳቤህ በኋላ በላክኸው አጭር ወረቀት ክኒኑ የልብህን ምት አዘግይቶ እጅህን ግን ብዙም አልረዳውም ያልከውን ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ። ሌላም ክኒን አለ፤ እሱንም ሞክረው። ካልሆነ የሚቀረው እዚህ ሳለህ ያወራነው የአንጎል ቀዶ ጥገና ነው።

ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ ነቅተህ ነው የሚሠራልህ። የሚከፈተው ቀዳዳ ከኮት ቁልፍ አይበልጥም። ቆዳህን ያደነዝዙታል፤ አንጎል ራሱ ሕመም አያውቅም። በዚያ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አውርደው እየሰሙ ይፈልጋሉ። አብረው የሚመቱትን ሲያገኙ እዚያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ያ ስምምነታቸውን ያፈርሰዋል። ባትሪው ደረትህ ላይ ከቆዳህ ሥር ይቀመጣል።

አደጋውን አልደብቅህም። ደም ሊፈስ ይችላል። ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። በብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ግን አንድ ሰው እያወራ ገብቶ ቃል ሳይወጣው ሲወጣ አይቻለሁ። ብትተወው ደግሞ ይህ ነገር አይገድልህም። እጅህ እንደተንቀጠቀጠ ልትኖር ትችላለህ። ይህንንም ዶክተሯ ንገሪው ብላኛለች።

ስለ እኔ ላልከው፣ ዓይንህ አልዋሸህም። አምና ሽቦ ስለጥፍላት አንዲት ታካሚ "ልጄ፣ በርዶሻል?" አለችኝ። አልበረደኝም ነበር። የዚያን ዕለት ሰው ሲወጣ መሣሪያውን እጄ ላይ ለጥፌ አየሁት። የማውቀው ምት ነው። ገና ትንሽ ነው፤ ሥራዬን አልከለከለኝም። ሁሉም ሰው ይንቀጠቀጣል ያልኩህ ውሸት አይደለም፤ ግን በዚያ እውነት የራሴን ሸፈንኩበት። አንተ ስለ ራስህ እያሰብክ ሳለ የእኔንም ልጨምርብህ አልፈለግሁም። ይቅር በለኝ። ለእኔ ብለህ ግን እንዳትወስን።

እህትህ


የካቲት 27

እታለም፣

ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ከፊት ለፊቴ ቆመሽ ቢሆን ኖሮ እጅሽን እይዘው ነበር። ሁለታችንም ይዘን ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ አስቢው! ዛፍ ብንይዝ ቅጠሉን እናራግፍ ነበር።

ወስኛለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም ብል ውሸት ነው፤ ላንቺ ብዬ ነው ብልም ውሸት ነው። ሁለተኛው ክኒን እንቅልፌን ብቻ ነው የጨመረልኝ። ባለቤቴ ስነግራት "ምላስህ ከሚታሰር እጅህ ይንቀጥቀጥ! እኔ ያገባሁት ወሬህን ነው" ብላ አኮረፈች። እኔም ዝም ስል ቤቱ በድን ሆነ። ምላሴ ቢታሰር ምን እንደምንመስል ሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን። ትናንት ሻንጣ አውርዳ የራሷን ልብስ ታጣጥፍ ጀመር። "የት ልትሄጂ ነው?" ስላት "አንተን ብቻህን የሚልክህ ማን አለ?" አለችኝ።

ዳኛውም ሰምተው ሱቁ መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና "ችሎት ላይ እጁ የሚንቀጠቀጥ ምስክር ሲቆም ይዋሻል ብዬ ነበር የማስበው" አሉኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። 

ቀኑን አሳውቂኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 15

ጋሼ፣

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጸጥታው ጊዜ አልፎ እጅህ እንደገና መነሣቱ አያስደንግጥህ። ሽቦው ሲገባ በቦታው የተነሣው እብጠት ነበር ለጊዜው ያበረደው። ቁስልህ ይዳን፤ ባትሪው በግንቦት ይበራል።

"ከመስታወቱ ማዶ ምን ሰማሽ?" ብለህ ጠይቀኸኛል። ዘመድ ስለሆንኩ መሣሪያ እንዳልነካ ተከልክዬ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ እዚያ ቆምኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው። "ዶክተር፣ ይህን ፀጉር የላጨው ማነው? ዳር ዳሩን አበላሽቶታል" አልክ። ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የነበረችው እትዬ ሳቁን ስትሰማ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ሽቦው ወረደ። የድምፅ ማጉያው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿ ጀመር። እያንዳንዷ ጠብታ የአንድ የአንጎልህ ሕዋስ ምት ናት። ሽቦው ጥቂት በወረደ ቁጥር ዝናቡ ይከብዳል፣ ይቀላል። ድንገት ዶክተሯ እጇን አንሥታ ሁሉን ዝም አሰኘች። "ቀኝ እጅህን አንሣ" አለችህ። አነሣህ። ከዝናቡ መሐል ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ምት ወጣ። እጅህ በዚያው ልክ ይንቀጠቀጣል። እጅህን ስታወርድ ምቱ ዝናቡ ውስጥ ጠፋ። ስታነሣ ተመልሶ መጣ።

"ይኼ የምትሰማው እጅህ ነው" አለችህ።

ብዙ ዝም አልክ። ምላሱ ታሰረ ብዬ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። ከዚያ "እማዬም ውስጥ ይህ ነበር?" ብለህ ጠየቅህ።  እኔ ከመስታወቱ ማዶ "አዎ" አልኩህ፤ አልሰማኸኝም።

ኤሌክትሪኩን ሲለቁት እጅህ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። አንተ ያን እጅ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አፍጥጠህ ታየው ነበር። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይቻለሁ ጋሼ፤ እለምደዋለሁ ስል አልለመድኩትም። ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ያ ዝናብ በእኔም ውስጥ፣ በደረጃው በሚወርዱት ጎረቤቶቼም ውስጥ ይዘንብ ነበር።

እህትህ


ሰኔ 12

እታለም፣

ባትሪው ከበራ ወዲህ ቀኝ እጄ ጸጥ ብሏል። ግራው እንደ ድሮው ነው። የቀኙን የሚያዘው የግራ አንጎል መሆኑን ስትነግሪኝ ያሾፍሽብኝ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ሁለት ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ዳኛውን ላጭቻቸዋለሁ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ዳስሰው "ደንቡ ተሻረ ማለት ነው?" አሉኝ።

ስለ ራስሽ "ልጠብቅ ወይስ ከአሁኑ ልታይ?" ላልሽኝ፣ ዶክተሯ ከእኔ ታውቃለች። እኔ የማውቀው መደበቁ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እንደሚያደክም ነው። በሽተኞችሽ በርዶሻል ወይ ሲሉሽ እውነቱን ንገሪያቸው። እነሱም እጃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።

አሁን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ላጫውትሽ። አንድ ሽማግሌ ሱቁ ገቡ። ከገበያው ጀርባ ያሉት አናጢ ናቸው፤ ሰፈሩ "ሰካራሙ" ይላቸዋል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ከፎጣው ሥር ደበቁ። "ራሴን መላጨት ከተውኩ ቆየሁ" አሉኝ።

ላጨኋቸው። ስጨርስ "አባቴ፣ እጅዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?" አልኳቸው።

"ሰካራም ነው ብለውህ ነው? በዕድሜዬ አንድ መለኪያ አልቀመስኩም። ጠጥቼ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ለስሙ ያህል።"

"እኔ ግን ጠጥቻለሁ፤ እስቲ ይዘርጉት።"

ዘረጉት። መጋዝና መዶሻ ይዞ የኖረ ትልቅ እጅ ነው፤ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ስካር አይደለም፣ ፍርሃትም አይደለም ብዬ አንቺ ያልሽኝን ሁሉ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ላጽናናቸው ብዬ የምዋሽ መሰላቸው። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ ያለውን ባትሪ የማበራበትንና የማጠፋበትን ትንሽ ማጥፊያ ከኪሴ አወጣሁና ከእሳቸው እጅ አጠገብ ቀኜን ዘርግቼ አጠፋሁት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከጣቶቼ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ መጣ። ሁለታችን ጎን ለጎን ስንንቀጠቀጥ በመስታወቱ ውስጥ ታየን። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ተነሥተው ቀረቡ። አበራሁት። የእኔ ቆመ፤ የእሳቸው ብቻ ቀረ።

አናጢው እጄን ያዙት። ገልብጠው አዩት፤ ልሙጥ ጣውላ እንደሚፈትሹ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ከውስጥ ነው?"

"ከውስጥ ነው አባቴ።"

"እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ ነበር፤ የት እንደተሠራልኝ፣ ያመኝ እንደሆነ። እሳቸው ግን እጄን ሳይለቁ "አጥፋውና እንደገና አሳየኝ" አሉ።

አጠፋሁት።

ወንድምሽ